ክላክስ ሲሰማ የሚሮጠው ውሻ

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከይርጋጨፌ ወይ ከፍስሐ ገነት ቡና ጭኖ ሲመለስ፣ እኛ ጋ ሳይደርስ ከመታጠፊያው ላይ ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጋል። ቤታችን ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መውጫ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር ነው፤ ከጀርባው እንሰትና ቡና፣ ከፊቱ መኪና። ያን ድምፅ ስሰማ የምሠራውን ጥዬ በሩን እከፍታለሁ። የተማሪ ፈተና እያረምኩም ቢሆን፣ ጠዋት ተኳርፈን ተለያይተንም ቢሆን እከፍታለሁ። አስተማሪ ነኝና ሌላውን አስነሳለሁ እንጂ በሰው ትእዛዝ መነሳት አልወድም። ለዚያ ክላክስ ግን ትዳሬን ሙሉ ስነሳ ኖሬአለሁ።

ቡችላውን ያመጣው እሱ ነው። ፍስሐ ገነት ቡና የሚጭንላቸው አንድ ገበሬ ሰጥተውት፣ ጃኬቱ ላይ አስተኝቶ ጋቢና ውስጥ ይዞት መጣ። ገና ከበሩ ሳይገባ ጮህኩበት።

"ደግሞ ይሄን ማን ሊያበላው ነው?"

"አንቺ ነሻ!" አለኝ እየሳቀ።

እውነቱን ነበር። ከሥጋ ቤት ሳንባ እየገዛሁ፣ እየቀቀልኩ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። የሚወደው ግን እሱን ነበር። ክላክሱ ከመታጠፊያው ሲሰማ ያ ብጥሌ ቡችላ ከእኔ ቀድሞ በሩ ላይ ይደርስና ቆርቆሮውን በጥፍሩ ይቧጥጣል። እኔም ከኋላው እየተሳደብኩ እደርሳለሁ።

ቡችላው ገና ጥርሱን ሳይቀይር ባለቤቴ ታመመ። ጉበቱ ነው ተባለ። ሀዋሳ ወሰድነው፣ ተመለስን፣ ደግመን ወሰድነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ለመጻፍ እጄ እሺ አይለኝም። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ የሥራ ጓደኞቹ መኪኖቻቸውን በአስፋልቱ ዳር ደርድረው ክላክሳቸውን በአንድነት ለቀቁት፤ የሹፌር ስንብት እንዲህ ነው። ድንኳኑ ከተነሳ በኋላም አልተዉትም። በራችን ፊት የሚያልፍ፣ እሱን የሚያውቅ ሹፌር ሁሉ፣ ከመታጠፊያው ላይ ልክ እንደ እሱ ሁለት ጊዜ ያደርጋል። የሟች ጓደኛን ቤት ዝም ብሎ ማለፍ በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። እኔም ጥቁር እንደለበስኩ ወጥቼ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ዝቅ እላለሁ፤ እነሱ እጃቸውን አንስተው ያልፋሉ። ያን ሰሞን "አይዞሽ" የሚለኝን ሰው ሁሉ ማነቅ ያምረኝ ነበር። ክላክሱ አይዞሽ አይልም፣ አይመክርም፣ ቁጭ ብሎ ፊቴን አያይም። እወደው ነበር።

ችግሩ ውሻውም ይወደው ነበር። ለሰው መርዶ የሚነግር ሞልቷል፤ ለውሻ ግን ማንም አይነግርም። በእሱ ቤት ጌታው መንገድ ላይ ነው። እያደገና እየጠነከረ ሲሄድ በአጥሩ ሥር እየሾለከ አስፋልቱ ላይ መውጣት ጀመረ። ክላክስ ካደረገው መኪና ጎማ ጎን ለጎን እየሮጠ፣ ወደ ጋቢናው ቀና ብሎ ያያል። መኪናው ጥሎት ሲሄድ እመሀል መንገድ ላይ ቆሞ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። ባጃጆች እየተሳደቡ ይዞሩታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፍሬን ሲያፏጭ ሰምቼ ወጣሁ። የባለቤቴ የልብ ጓደኛ የሆነው ሸበቶው ሹፌር መኪናውን አስፋልቱ ላይ አቁሞ ውሻውን ታቅፎ ቆሟል። ውሻው ጭራውን ይቆላል። የሚንቀጠቀጠው ሰውየው ነበር።

"እህቴ፣ ዛሬ እግዚአብሔር አወጣው" አለኝ። "ሌላ ቀን ግን እገድለዋለሁ። የእሱን ውሻ ከገደልኩ ደግሞ ከዚያ ወዲያ መሪ የምይዝ አይመስለኝም። ክላክሱን እንተወው። ለሌሎቹ ሹፌሮችም እነግራቸዋለሁ።"

"አይሆንም!" አልኩ።

አፌ ነው የቀደመኝ። ክላክሱ ከቀረ በዚያ መንገድ ወደ እኔ የሚመጣ ነገር አይኖርም። ውሻውም እንዳይሞት፣ ክላክሱም እንዳይቀር ፈለግኩ። ሁለቱም ከእሱ የቀሩልኝ ናቸው፤ አንዱን ምረጪ ስባል ተናደድኩ።

በሰንሰለት አሰርኩት። የእኛ ሰው ውሻ የሚይዝበት ዘዴ ይሄ ነው፤ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ሲመሽ ይፈታል። የእኔው ግን ክላክስ በሰማ ቁጥር ሰንሰለቱን እየጎተተ አንገቱን ላጠው። ሀዋሳ በእንስሳት ሕክምና የምትሠራው ልጄ ስትመጣ ቁስሉን አይታ አለቀሰች። ለውሻው ብቻ ያለቀሰች አልመሰለኝም።

በሚቀጥለው ስትመጣ ትንሽ ካርቶን ይዛ ነበር። ውስጡ ጥቁር የአንገት ማሰሪያና እጅ ውስጥ የምትገባ ሪሞት አለ። ማሰሪያው በውስጥ በኩል ቆዳ የሚነኩ ሁለት አጫጭር ብረቶች አሉት። እዚህ ሪሞቷን ሲጫኗት እዚያ ውሻው አንገት ላይ ይነዝራል።

"አባትሽ ይሙት፣ በዚህ ምስኪን ላይ ኤሌክትሪክ?" አልኳት፣ ድሮ እንደምለው።

የማልኩበት ሰው መሞቱ ትዝ ያለኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ ክንዴን ያዘችና ማሰሪያውን እኔው ላይ አሰረችው።

"መጀመሪያ አንቺ ላይ እንሞክረው፣ እማዬ።"

ከዝቅተኛው ጀምራ ከፍ እያደረገች ተጫነችው። መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። በኋላ ጉንዳን የሄደብኝ ያህል ነዘረኝ።

"ተሰማሽ? በቃ፣ ለእሱም የምንፈልገው ይህን ያህል ነው፤ መስማቱን ብቻ። ትከሻውን ነካ አድርጎ 'ስማኝ' እንደ ማለት ነው። በንዴት ከተጫንሽው ግን አለንጋ ይሆናል። አንቺን ስለማውቅሽ ነው የምነግርሽ።"

አባቷ ከሞተ ወዲህ ያን ጊዜ ነው የሳቅኩት።

የአንገቱ ቁስል እስኪድን ጠበቅን። ከዳነም በኋላ ማሰሪያውን ሳናበራ አሰርንለት፤ እየበላ፣ እየተጫወተ፣ እየተኛ እስኪረሳው ድረስ። ከዚያ ረጅም ገመድ መጣ። እኔ ከአቮካዶው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ውሻው ግቢውን እያሸተተ ራቅ ሲል "ና!" እላለሁ፤ ገመዱን ቀስ ብዬ ሳብ፣ ሪሞቷን ጫን አደርጋለሁ። ፊቱን ወደ እኔ እንዳዞረ ሁለቱንም እለቃለሁ። ሲደርስልኝ የተቀቀለ ሳንባ አለው። ዕድሜዬን ሳስተምር ኖሬአለሁና ነገሩ ቶሎ ገባኝ፤ ንዝረቱን የሚያቆመው ራሱ ውሻው ነው፣ እኔ ወዳለሁበት በመዞር። መብራት ጠፍቶ ሪሞቷ ሳትሞላ በቀረች ቀን ሁለታችንም እረፍት እናገኝ ነበር።

ከእንሰቱ ማዶ የምትኖረው ጌዴኦዋ ጎረቤቴ፣ ልጆቿን ያስተማርኩላት፣ ነገሩን ስታይ ሰንብታ አንድ ጠዋት መጣች።

"ቲቸር፣ ሰው ውሻዋን መብራት አስያዘች ይላል። እሷ ምን አጠፋች?"

"ከመኪና ላድነው ብዬ ነው" አልኳት።

"እሷኮ ሰው ጠፍቶባት ነው። እኛ ሰው ሲሞት እናለቅሳለን፣ እንዘምራለን፣ ይወጣልናል። እሷ የት ሄዳ ታለቅሳለች?"

አማርኛ የአፍ መፍቻዋ አይደለምና ወንዱን ውሻ "እሷ" ስትለው አርሜያት አላውቅም። ንግግሯ አንጀቴን በላው። ገብቼ ሪሞቷን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኳት፣ ገመዱንም ሰቀልኩት። በማግስቱ አንድ መኪና ክላክስ አድርጎ ሲያልፍ ውሻው በአጥሩ ሥር ወጥቶ የአውቶቡስ አፍንጫ ሥር ገባ። ሹፌሩ ባይጠመዝዝ ኖሮ አልቆለት ነበር። እኔ መንገዱ ዳር ቁጭ ብዬ ቀረሁ፤ ጎረቤቴ ራሷ ናት ይዛ የመለሰችልኝ። ያን ዕለት መሳቢያውን ከፈትኩ።

አሁን ልጄ ለውሻው ዋናውን ትምህርት ጀመረችለት። ከሸበቶው ሹፌር ጋር በስልክ ትነጋገራለች፤ እሱም የሚያልፍበትን ሰዓት ያሳውቃታል። እሷ በእኔ ፈንታ በሩ ላይ ወጥታ ዝቅ ትላለች፤ እኔ ከወንበሬ ሳልነሳ ገመዱንና ሪሞቷን ይዤ እጠብቃለሁ። የመጀመሪያው ዕለት ክላክሱ ሲሰማ ውሻው ገመዱን ሊበጥሰው ደረሰ። በደስታ የሰከረ ውሻ ያች የጉንዳን ያህል ንዝረት አትሰማውም፤ ልጄ እንደነገረችኝ ትንሽ ከፍ አደረግኩት። አንዴ ጮኸ። ጩኸቱ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ዞሮ፣ ሆዱ መሬት እየነካ፣ መጣልኝ። ሳንባውን አልበላም።

ከዚያ በኋላ መጮህ አላስፈለገውም፤ እየቆየ ዝቅተኛው በቃው። ክላክስ ሲሰማ ጆሮው ይቆማል፣ ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል፣ በሩን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን ያያል፣ ይመጣል። ልጄ "ጎበዝ!" ትለዋለች። እኔ ግን ያቺ በሩን የሚያይባት ዓይኑ ትገድለኝ ነበር። "ና" ማለትን ብቻ አልነበረም የማስተምረው። ይሄ ክላክስ የእሱ አይደለም፣ እያልኩት ነበር። ማንም ያልነገረውን መርዶ በጣቴ ነገርኩት።

ልጄ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ገመዱን ከፈታን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውሻው ጋር ብቻችንን ነን። ልብስ እያጠብኩ ሪሞቷን ኪሴ ውስጥ አድርጌያታለሁ። ከመታጠፊያው ክላክስ ሰማሁ፤ የሸበቶው ነው፣ ሁለተኛውን ረዘም ያደርገዋል። ውሻው ከእንሰቱ መሀል ብቅ አለ። ሪሞቷን አውጥቼ ተጫንኩ፣ "ና!" አልኩ። እንዲህ እያልኩ እግሬ ወደ በሩ እየሄደ ነበር፤ እጄ አረፋ እንደነካው በሩን ከፍቼ አስፋልቱ ዳር ቆሜ፣ ደረቴን ይዤ ዝቅ አልኩ። ቀና ስል ውሻው ከጎኔ ነው። ያውም በአስፋልቱ በኩል። የመኪናው የኋላ ጎማ ጭራውን ሊነካው ትንሽ ሲቀር አለፈ። ሸበቶው ምንም አላየም፤ እጁን አንስቶልኝ ሄደ።

ውሻውን ጎትቼ አስገብቼ በሩን ዘግቼ ልጄ ጋ ደወልኩ። አልተማረም፣ ገንዘባችንም ልፋታችንም ገደል ገባ፣ እያልኩ ጮህኩባት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"እማዬ፣ እሱ አልተሳሳተም" አለችኝ። "የተማረው አንቺ ወዳለሽበት መምጣት ነው። መጣ።"

ስልኩን ዘግቼ የልብሱ ውሃ እስኪቀዘቅዝ ቁጭ አልኩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስናስተምረው የነበረው ውሻውን ነው። ያ ድምፅ ሲሰማ እየበረረ መንገድ ላይ የሚወጣ ሌላም ሰው በቤቱ ውስጥ ነበር፤ ለእሱ ማሰሪያ የገዛለት የለም።

በሚቀጥለው ጊዜ ሸበቶው ከተማ ውስጥ ቡና ሲያራግፍ ሄጄ አገኘሁት።

"ከእንግዲህ በር ላይ አልወጣም" አልኩት። "ክላክሱን አትተዉት። ቤት ሆኜ እሰማችኋለሁ። በሩ ቢዘጋ፣ ባታዩኝ፣ እንዳይከፋችሁ።"

የመኪናውን መስታወት በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ።

"አንቺን ስናይ እሱን ያየነው ይመስለን ነበር" አለኝ። "እሺ፣ እህቴ።"

እየተመለስኩ ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። የባጃጁ ሹፌር በመስታወቱ አይቶኝ "አይዞሽ ቲቸር" አለኝ፤ በዚያን ዕለት አልተናደድኩበትም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከአቮካዶው ሥር ተቀምጬ ፈተና ሳርም ክላክሱ ከመታጠፊያው መጣ። ሁለተኛው ረዘም ይላል። ጉልበቴ ሊነሳ ሲል የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጄ ያዝኩት። ወረቀቶቹ መሬት ላይ ወደቁ። ውሻው ከእንሰቱ ወጣ፣ በሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ሪሞቷ ቤት ውስጥ ነበረች፤ "ና"ም አላልኩትም። መጥቶ አገጩን ጭኔ ላይ አሳረፈ። ጆሮው እንደቆመ ነው። መኪናው በራችን ፊት ዝግ አለ፣ ማርሽ ቀየረ፣ ወደ ዲላ ወረደ። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ አብረን ሰማነው።

"አይመጣም" አልኩት። ቃሉን በአፌ ስለው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።