ኑዛዜ የለም ያልኩበት ቀን

እናታችንን ተከትሎ አባታችንም ሲሞት የውርስ አጣሪ እንድሆን የመረጡኝ ሁለቱ ታናሽ ወንድሞቼ ናቸው። ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ በንብረት ክፍል ስለምሠራ፣ መዝግቦ መያዝ ታውቅበታለች ብለው ነው። ዳኛዋ ሹመቴን ሲያጸድቁ ሥራዬን አንድ በአንድ ነገሩኝ፦ ኑዛዜ መኖሩን ፈልጌ ካገኘሁ ሳልዘገይ እንዳቀርብ፣ ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ እንዳጣራ፣ ንብረቱን መዝግቤ እስኪከፋፈል እንድጠብቅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቃቂ ያለው የአባቴ ቤት ቁልፍ እኔ ጋ ሆነ። ወንድሞቼ አንዲት ወንበር ለማንሳት እንኳ እኔን ማስፈቀድ ነበረባቸው። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ክር ፋብሪካ ነው የሠራው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ግራ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ከቤት አይወጣም ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከኮዬ ፈጬ አንድ ፀጉር አስተካካይ ይመጣለታል። «የማውቀው ሰው ነው፣ እጁ ይስማማኛል» ብሎ ራሱ ነው ያስጠራው። ሰውየው ዝምተኛ ነው። በዕድሜ ቢበልጠኝም እኔ «አንተ» እለዋለሁ፣ እሱ «እርስዎ» ይለኛል። ፀጉሩ ቤቱ ውስጥ እንዳይበተን ብዬ በረንዳ ላይ ነበር የማሠራው። ምሳ ሰዓት ላይ ቢደርስ እንኳ ግባና ቅመስ ብዬው አላውቅም። ሻይ ይወጣለታል፣ ቆሞ ይጠጣል፣ አባቴን ግንባሩን ስሞ ይሄዳል። አንድ ፀጉር አስተካካይ ደንበኛውን ለምን ይስማል ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

ኑዛዜውን ያገኘሁት የአባቴን ሣጥን ስመዘግብ ነው። ከድሮ የፋብሪካ መታወቂያዎቹ ሥር፣ በገዛ እጁ የተጻፈ፣ ቀንና ፊርማ ያለበት ወረቀት ነበር። «ልጆቼ አራት ናቸው» ይላል። «የመጀመሪያው እናታችሁን ሳላገባ በፊት ከፋብሪካው ጎን ከነበረው የገበሬዎች ሰፈር ከአንዲት ሴት የወለድኩት ነው። እንዳታፍሩብኝ ፈርቼ ሳልነግራችሁ ኖርኩ። ቤቱ የአራታችሁም እኩል ነው።» ከዚያ የፀጉር አስተካካዩ ስም ከነአባቱ ተጽፏል። የአባቱ ስም የኔው አባት ስም ነው። እኔ የሰውየውን የአባት ስም ሦስት ዓመት ሙሉ ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ለወንድሞቼ ነገርኳቸው። ትንሹ «ቅደጂውና እንረፍ» አለ። ሌላው ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። አልቀደድኩትም፤ አላቀረብኩትምም። ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ጠዋት ሥራ ይዤው እሄዳለሁ፣ ማታ ይዤው እመለሳለሁ።

በቀጠሮው ቀን ዳኛዋ ጠየቁኝ።

«ኑዛዜ ተገኝቷል?»

«የለም።»

«ወራሾቹ ስንት ናችሁ?»

«ሦስት ነን።»

ወረቀቱ ብብቴ ሥር በያዝኩት ቦርሳ ውስጥ ነበር። ጸሐፊው ቃሌን ሲጽፍ ዓይኔን ከጣቶቹ ላይ መንቀል አቃተኝ። ዳኛዋ ግን ወራሽ ነኝ የሚል ሌላ ሰው ካለ እንዲቀርብ ጥሪ ይለጠፍ ብለው አዘዙ። ትንሹ ወንድሜ ይህን ሲሰማ ደነገጠ። «ከሟቹ ውርስ የምጠይቀው ነገር የለኝም» የሚል ጽሑፍ አስተየበና «አንቺ ውሰጂለት፣ አንቺን ያከብርሻል» አለኝ። ወሰድኩለት።

ፀጉር ቤቱ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይ ነው። ሲያየኝ ደንበኛውን ይቅርታ ጠይቆ ወንበር አቀረበልኝ፣ ለስላሳ አስመጣልኝ። ወረቀቱን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ለምን እኔ እፈርማለሁ አላለም። ከፊቴ ላይ ማወቄን ያነበበ ይመስለኛል።

«ምንም የጻፈው ነገር የለም?» አለኝ።

«የለም።»

«ቤቱን ማለቴ አይደለም። ስለኔ ማለቴ ነው። ለልጆቼ አሳውቃለሁ ይለኝ ነበር።»

«ምንም የለም» አልኩት።

ፈረመ። ለስላሳውን አለመንካቴን አይቶ ሐዘን መስሎት «አይዞዎት» አለኝ። «አሞት ነው። ቢሻለው ይጽፍ ነበር።» እስከ ታክሲው ድረስ ሸኘኝ።

ወንድሜ የተፈረመውን ወረቀት አይቶ «በቃ፣ ጨረስን» ሲል አብሬው ልደሰት ሞከርኩ። አልሆነም። ሥራ ቦታ ዕቃ እየቆጠርኩ «ስለኔ ማለቴ ነው» የሚለው ይመጣብኛል፣ ቁጥሩ ይጠፋኛል። እንዲያም ሆኖ ወዲያው አልተነሣሁም፤ ስምንት ቀን ፈጀብኝ። በዘጠነኛው ቀን ለማንም ሳልናገር ፍርድ ቤት ሄጄ ኑዛዜውን ሰጠሁ።

ዳኛዋ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው እርስዎ ጋ ያለው?»

«ሁለት ወር ሊሞላው ነው።»

«ባለፈው ሲጠየቁም?»

«አዎ፣ ይዤው ነበር።»

በወንጀል ሊያስጠይቀኝ እንደሚችል ነገሩኝ። ከአጣሪነቴም ተነሣሁ። በቦታዬ አንድ ጠበቃ ተሾመ፤ ቁልፉንና መዝገቡን በወንድሞቼ ፊት አስረከብኩት። ትንሹ ወንድሜ ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም።

ከሌላ ሰው ሳይሰማው ብዬ የኑዛዜውን ቅጂ ይዤ ኮዬ ፈጬ ተመለስኩ። ሱቁ ውስጥ ብቻውን ነበር። «ልጆቼ አራት ናቸው» የሚለውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አለኝ።

«ያን ዕለት ስትመጪ አንብበሽው ነበር?»

«አንብቤዋለሁ።»

አልተሳደበም። መጋረጃውን ገልጦ ወደ ጓዳ ገባ፤ እስክሄድ ድረስ አልወጣም።

ያስፈረምኩት ወረቀት ውድቅ ተደረገና ውርሱ ለአራት ተከፈለ። የአባታችን ሙት ዓመት ሲደርስ ከሚስቱና ከሴት ልጁ ጋር መጣ። ወንድሞቼን ጨበጣቸው፤ እኔንም ጨበጠኝ፣ እንግዳ እንደሚጨበጥ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም፣ እኔም የመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም። ሳህን ሳቀርብ ልጅቷ በጣቷ ወደኔ እያሳየች «አባዬ፣ ይቺ ማናት?» አለችው።

ሳህኑን ተቀበለኝና «አክስትሽ ናት» አላት።

ማንኪያ የማመጣ መስዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።