ለበዓል ሲባል ያልተከፈተው ክፍል

አጎቴ ሆሳዕና ዳር ባለ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ቴክኒሻን ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ኤሌክትሪካል መማር እንደምፈልግ ሲሰማ ከእኔ በላይ የተደሰተው እሱ ነበር። መስከረም ላይ፣ የመስቀልና ያሆዴ የሚባለው የሐዲያ ዘመን መለወጫ ሳምንት ሲገባ፣ አስፈቅዶ ጣቢያውን አሳየኝ።

ከፍተኛ ኃይል የሚያልፍባቸው መሣሪያዎች በወፍራም የብረት ቱቦ ውስጥ ተዘግተዋል። ቱቦው በታመቀ ጋዝ የተሞላ ነው፤ ጋዙ ኤሌክትሪኩ ከመስመሩ እንዳይዘል ያግደዋል። ነገር ግን ውስጥ የብረት ብናኝ ቢቀር ወይም መከላከያው ቢሰነጠቅ፣ ኤሌክትሪኩ በዚያ ቦታ ትንሽ በትንሽ ማፈትለክ ይጀምራል። ከውጭ ምንም አይታይም። ስለዚህ ያዳምጡታል።

አጎቴ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ቱቦው ላይ ለጥፎ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ።

«ምን ይሰማሻል?»

«እርጥብ እንጨት እሳት ውስጥ ሲንጣጣ ዓይነት።»

ፈገግ አላለም። መሣሪያውን ወዲያ ወዲህ እያንቀሳቀሰ ድምፁ የሚበረታበትን ቦታ ፈለገ፤ አንዱ መጋጠሚያ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ።

ለአለቃው ሲነግር አብሬው ነበርኩ። መጋጠሚያው ያለበትን የቱቦውን ክፍል ለመክፈት መብራት መጥፋት፣ ጋዙም መቀዳት አለበት።

«ያሆዴ ደርሶ ከተማውን ላጨልም?» አለ አለቃው። «ሰው በሬውን ትቶ እኛን ነው የሚያርደን!»

በር ላይ የቆመው ጥበቃ ሳቀ። «እነሱስ ይታገሡ ይሆናል፤ ሚስቴን ማን ያስረዳልኛል?»

«እስከ በዓሉ ማግስት የሚቆይ ይመስልሃል?» አለቃው አጎቴን ጠየቀው።

አጎቴ ምልክቱን አየ። «ሊቆይ ይችላል» አለ።

ደግሞም ሊቆይ ይችል ነበር። ድምፁ ጉዳት መኖሩን ይናገራል እንጂ መቼ እንደሚፈነዳ አይናገርም። ግን ሺንሺቾ ከተማ የታመመች እናቱ፣ አያቴ፣ እየጠበቀችው እንደነበር አውቃለሁ። ክፍሉ ከተከፈተ በዓሉን የሚያሳልፈው ጣቢያው ውስጥ ነው።

በእኛ ቤት ልጆች በሙሉ ሳይሰበሰቡ የበዓል ገበታ አይነካም። በበዓሉ ጠዋት እኔና አጎቴ በሚኒባስ ሺንሺቾ ደረስን። አባቴ ሊጸልይ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ የአጎቴ ስልክ ጮኸ። ያ መጋጠሚያ ፈንድቷል። ሰው አልተጎዳም፤ ከተማው ግን ጨልሟል።

«ቅመስና ሂድ» አለችው አያቴ።

«መጣሁ፣ እማዬ። አልቆይም» አላትና ጫማውን ሳያስር ወጣ።

ቆጮውና ክትፎው እንደተሸፈነ ቀረ። አክስቴ ልታስቃት ሞከረች፦ «እማዬ፣ ሆሳዕና እስኪበራ እኛ ልንራብ ነው?»

«እናንተ ብሉ» አለች አያቴ። እሷ ግን አልበላችም። አመሻሽ ላይ ወተት ሰጠናት፤ ጥቂት ተጎንጭታ ወደ በሩ ዞረች።

አጎቴ የተመለሰው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። አያቴ ጋደም ብላ ነበር።

«ተሠራ?»

«ተሠራ፣ እማዬ።»

«በል ቅረብ።»

ክትፎው አልቆ ስለነበር ቆጮና አይብ ቀረበለት። ቀና ብላ እንድትቀመጥ ደገፍኳት። አንድ ጉርሻ ተቀበለችው፤ ሁለተኛውን ሲዘረጋላት እጁን ይዛ ወደ ራሱ አፍ መለሰችው።

ጥር ላይ አረፈች።

አጎቴ አለቃውን ሲወቅስ ሰምቼው አላውቅም። የዚያ በዓል ነገር ሲነሳ «በሚቀጥለው ዓመት እክሳታለሁ ብዬ ነበር» ይላል።