የማይፋቅ ጀርባ

ይህ ሊጻፍ የሚገባው ነገር መሆኑን እጠራጠራለሁ። ሰው በረገፈበት አገር ስለ አንዲት ኤሊ ጀርባ ምን ይወራል? ቢሆንም ዘንድሮ፣ አንደኛ ዓመት ሆኜ ሥነ ሕይወት ስማር፣ መምህሩ የኤሊ ቅርፊት ከጎድን አጥንቷ ጋር አንድ አካል መሆኑን ሲናገሩ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እኛ ቤት ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

አያቴ መካነ ሰላም ላይ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። በክፉው የረሃብ ቀን ሚስታቸውንና ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ቀብረዋል። ኤሊዋን ከዓባይ በረሃ ያመጣላቸው አንድ ተማሪያቸው ነው። ኤሊ ዕድሜዋ ረጅም ነው ሲባል ሰምተው፣ «የቀበርኩት ይበቃኛል፤ ይቺ ትቅበረኝ» ይሉ ነበር።

ቁራ እንዳይነካት ብለው ቀንም ሌሊትም በመኝታቸው ሥር አኖሯት። እዚያ ፀሐይ አይደርስም፤ ክረምት ሲገባም ወለሉ ይረጥባል። ማለዳ ማለዳ ጀርባዋን ይዳስሱ ስለነበር ነገሩን መጀመሪያ ያወቁት እሳቸው ናቸው።

«ለስልሷል፤ ሽታም አለው» አሉት አባቴን።

አባቴ ብራና ፋቂ ነው። ተማሪያቸው ስለነበር አማቹ ሆነውም የሚጠራቸው የኔታ ብሎ ነው።

«እንፋቀው፣ የኔታ። የሞተው ሲነሣ ደኅናው ይወጣል።»

«ብራና ሞቶ ነው የሚፋቅ። ይቺ ትሰማለች።»

«ጥፍሩ ሲቆረጥ ያመመው ማን አለ?»

በዚህ አያቴ ተረቱ። አባቴ መፋቂያውን ስሎ፣ ትንፋሹን ውጦ ፋቀ። የሻገተው ተልጦ ሲነሣ ከሥሩ የወጣው ደም ነበር። የስንቱን ፍየል ቆዳ የፋቀበትን መፋቂያ ወረወረው። ቁስሉን ለጋ ቅቤ ቀባነው፤ ቅቤው ዝንብ ሰበሰበ።

ከብት ሊከትብ የመጣ የግብርና ሠራተኛ ተመለከታት። «በሬ ብትሆን እወጋት ነበር። የዚህች ቆዳ የት እንደሚጀምር እንኳ አላውቅም» ብሎ ሳቀ። ሲወጣ ግን «ፀሐይ ታግኝ» አለ።

ወሩ ነሐሴ ነበር። ከዓባይ በኩል የሚወጣው ጉም የጎረቤታችንን ቤት እንኳ አያሳይም።

«ፍልሰታን ከኛ በፊት ነው የጀመረችው» አሉ አያቴ፣ ያቀረብንላትን ጎመን እንቢ ስትል። ከዚያ ወዲያ አልቀለዱም።

ጾሙ በተፈታበት ዕለት ጉሙ ተገለጠ።

«ቶሎ አውጫት፣ ልጄ።»

ደጃፉ ላይ አስቀመጥኳት። እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አሳረፉ።

«ጠንክሯል መሰለኝ። ደርቋል፣ አይደል?»

«ደርቋል፣ አባባ።»

ጣታቸውን ወደ አንገቷ አስጠጉ። ድሮ ሲነኳት አንገቷን ትሰበስብ ነበር። ጠበቁ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ጉሙ ተመልሶ ፀሐዩን ሲሸፍነው ጣታቸው እዚያው ነበር።

«ይቺንም እኔው ልቅበር?» አሉ።

አፈሩን በእጃቸው መለሱባት፤ ኪዳነ ምሕረት፣ ነሐሴ 16 ቀን 1979 ዓ.ም.።