ጋሩፋሊያ ሰማያዊ የለበሰችባት ቅዳሜ

በካታኮሎ ሁለት ዓይነት ቀን ብቻ ነው ያለው፤ የመርከብ ቀንና ባዶ ቀን። ሠርግ፣ ክርስትና፣ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ፣ ከጎረቤት ጋር መጣላት ሳይቀር ለባዶ ቀን ይቆያል። በመርከብ ቀን መንደሩ በሙሉ የሚሸጠውን ሸክፎ ወደቡ ላይ ይሰለፋል፤ እንግዳው ከአምስት ሰዓት በላይ ስለማይቆይ ለሐሜት እንኳ ጊዜ የለም። የጋሩፋሊያ ባል ስታቲስ ዓርብ ዕለት ሞቶ ቅዳሜ ሲቀበር ቅዳሜዋ ባዶ ነበረች። የቡና ቤቱ ባለቤት ላምብሮስ ከቀብር ሲመለስ፣ "ጨዋ ሰው፤ የማንንም ገበያ ሳይዘጋ ሄደ" አለ። በእኛ መንደር ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም።

ስታቲስ አልጋ ላይ ሆኖ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነው። "ለጌራሲሞስ እንዳትነግሩት። ጥቅምት ላይ ውሉን ጨርሶ ሲመጣ ይስማ" አለ። ጌራሲሞስ አንድ ልጃቸው ነው፤ ዕድሜው ሃያ አራት፣ ሥራው በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚመጣው ነጭ መርከብ ላይ አስተናጋጅነት። ከዚህ በፊት ሁለት መርከብ ላይ ተቀጥሮ ሁለቱንም ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎ ወርዷል። አንዱን ከአለቃው ተጣልቶ፣ ሌላውን ደግሞ አገሬ ናፈቀኝ ብሎ። ሦስተኛውን ስታቲስ የልጁን የክርስትና አባት ደጅ ጠንቶ ነው ያስገኘለት። "ይሄንንም ከጣለ ጀልባ የሚያስቀዝፈው እንኳ አያገኝም" ይል ነበር።

ጋሩፋሊያ እሺ አለችው። እሺ ማለት ለምዶባታል። በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ ከተራራው መንደር አውርደው ለስታቲስ ሲድሯትም እሺ ነው ያለችው፤ ወደቡ አጠገብ ካለው ዝቅተኛ ግንብ ላይ በእጅሽ የሠራሽውን ዳንቴል ዘርግተሽ ሽጪ ሲሏትም እሺ። ባሏ እንግዶቹን በፈረስ ጋሪ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሲያመላልስ እሷ እዚያው ግንብ ሥር ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጣለች። ከእንግዶቹ ቋንቋ የምታውቀው "የእጅ ሥራ" እና "ቆንጆ" የሚሉትን ብቻ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ቤት ሠርታለች፣ ልጅ አሳድጋለች።

ስታቲስ ከሞተ ወዲህ ግን አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም። ቀብሩ ላይ ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ እሷ የአናጺውን ሥራ ስትመረምር ነበር፤ አንዱ ምስማር ጠምሟል። ማክሰኞ ዕለት ምድጃው ጣቷን ሲያቃጥላት ሽታው ነው የነገራት። ማዘኗን ታውቃለች፤ ሐዘኑ የት እንዳለ ነው የጠፋት። ሴቶቹ ማንሾካሾክ ጀምረዋል። እርሟን የምታወጣበት አንድ ተስፋ ብቻ ነበራት። ልጄ ሲያለቅስ ባይ እኔም አለቅስ ይሆናል ትላለች። ልጇን እንዳታስለቅስ ደግሞ ቃል ገብታለች።

ነጩ መርከብ የሚመጣባት ቅዳሜ ስታቲስ የሞተበት ዘጠነኛ ቀን ላይ ዋለች። በዘጠነኛው ቀን ንፍሮ ይቀቀላል፣ በስኳርና በዘቢብ ይታሻል፣ መቃብሩ ላይ ጸሎት ተደርሶ ሰው ሁሉ ይቀምሳል። ጋሩፋሊያ ቄሱን ስትለምናቸው፣ ጸሎቱን መርከቡ ከሄደ በኋላ እናደርሳለን አሏት። ዓርብ ማታ ደግሞ ቤት ለቤት ዞረች። "ነገ ልጄ ሲወርድ እንደ ወትሮው ሁኑልኝ" ብላ ሁሉንም ለመነች። የቀረው ከሏ ነበር። ልጁ ገና ከመርከቡ ሳይወርድ ጥቁር የለበሰች እናቱን ካየ ሌላ መርዶ ነጋሪ አያስፈልገውም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት የፋሲካ ሰማያዊ ቀሚሷን ለበሰችና ዳንቴሏን ይዛ ወረደች። የስታቲስ ታላቅ እህት ፖሊክሴኒ በመስኮት አይታት መስኮቱን ጓ አድርጋ ዘጋችው።

ሁለት ሰዓት ላይ መርከቡ ተጠጋ። እንግዶቹ ወርደው አውቶቡሶቹ ላይ ተሻሙ፤ ከሰባት ሰዓት በፊት የጥንቱን ከተማ ፍርስራሽ አይተው መመለስ አለባቸው። ከኋላቸው ጌራሲሞስ ወረደ፣ እናቱን ግንባሯን ሳማት፣ ክንዷን ይዞ በላምብሮስ ቡና ቤት በኩል አለፉ። ላምብሮስ ይህን ልጅ ሳይሰድብ አሳልፎ አያውቅም። ስሙን ራሱ "የሾርባው ካፒቴን" ብሎ አውጥቶለታል። ዛሬ ግን ትሪውን እንዳቀፈ ቆሞ፣ "እንኳን ደህና መጣህ የኔ ልጅ። ምን ልጋብዝህ?" አለው።

"ምን ነካው? አሞታል እንዴ?" አለ ጌራሲሞስ ትንሽ እንደራቁ።

"እርጅና ነው" አለች እናቱ።

"አባባስ? ጋሪውን አላየሁትም።"

"ፓትራስ ሄዷል፣ ሆስፒታል። የዓይኑን ሞራ ሊገፈፍ።"

"ብቻውን?"

"ከአክስትህ ከፖሊክሴኒ ጋር" አለችው። ይህን አላሰበችበትም ነበር፤ አፏ በራሱ ነው የተናገረው።

ቤት ገብተው ባሚያ በዶሮ አቀረበችለት። ሲወድ ሦስት ሰሃን ይበላ የነበረው ልጅ ዛሬ ግማሹን ተወው። "ደክሞኛል እማ፣ እስቲ ጋደም ልበል" ብሎ ሶፋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እሷም አልተከፋችም። ተሳፋሪዎቹ በአምስት ሰዓት ውስጥ ሦስት ሺህ ዓመት ለማየት ይሯሯጣሉ፤ ለመርከብ ሠራተኛ ግን አምስት ሰዓት ማለት እንቅልፍ ማለት ነው። በሩ ላይ በርጩማ አድርጋ ዳንቴሏን ቀጠለች። ጀርባውን ታያለች፤ ጀርባው የአባቱ ነው። ይህንንም ስታስብ ምንም አልተሰማትም።

ስድስት ሰዓት ላይ ፖሊክሴኒ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳ፣ የንፍሮውን ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ግቢውን አቋርጣ መጣች።

"ቀስቅሺው።"

"ተኝቷል እትዬ።"

"የሞተ ነው የማይቀሰቀስ። እሱን ቀስቅሺው።"

"ቀስ ብለሽ ተናገሪ። ስታቲስ በመጨረሻ ምን እንዳለ ሰምተሻል።"

"ስታቲስ ወንድሜ ነው፣ ከልጅነቱም ጅል ነበር። እንዴት ያለ ነገር ነው? ልጅ አባቱ በሞተ በዘጠነኛው ቀን ባሚያ በልቶ ያንኮራፋል? ነገ ሲሰማ ምን ልትይው ነው? ሰማያዊ ለብሼ ሸኘሁህ?"

"እሺ ብዬዋለሁ።"

"አንቺ ምን እሺ የማትይው ነገር አለ! አንቺም አታለቅሺ፣ እሱም እንዳያለቅስ በር ላይ ተቀምጠሽ ትጠብቂያለሽ። ለወንድሜ ማን ያልቅስለት ታዲያ? ፈረሱ?"

ጋሩፋሊያ ዳንቴሏን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ነገሩ እውነት እንደሆነ ገብቷታል፤ ግን ፍራሽ ላይ እንዳረፈ ዱላ ድምፁን ብቻ ነው የሰማችው። በዚህ መሐል ጌራሲሞስ በባዶ እግሩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

"አክስቴ፣ ፓትራስ አልነበርሽም እንዴ?" አለ።

ፖሊክሴኒ ሳህኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ልጁ ሳህኑን አየ፤ ከዚያ እጁን ሰድዶ ከንፍሮው እፍኝ ዘገነ። "ነፍስ ይማር" አለና አፉ ውስጥ ከትቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ቀስ ብሎ አኘከ።

"መቼ ነው?"

"ያለፈው ሳምንት ዓርብ" አለች እናቱ። "አልተኛህም ነበር?"

"ምን እንቅልፍ አለ። ላምብሮስ አልሰደበኝም እኮ። ወደቡ ላይ አንድም ሰው አልሰደበኝም፤ ሁሉም 'የኔ ልጅ' ይለኛል። ተኝቼ ማን ይሆን ስል ቆየሁ። አንቺ አለሽ። የቀረው እሱ ነው።"

ጋሩፋሊያ ዓይኑን አየችው። እንደ እሷው ደርቋል። ያቺም ተስፋ ጠፋች፣ አለች በልቧ፤ እሱም እንደኔ ሆኗል።

ፖሊክሴኒ ክንዱን ያዘችው። "ተነስ፣ መቃብሩ ጋ እንውጣ። ለአባትህ ሻማ አብራለት። መርከቡ ከፈለገ ይሂድ፣ መርከብ ሞልቷል።" መቃብሩ አሮጌው መንደር ነው፤ ዳገቱ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ወደዚያ የወጣ ሰው ሰባት ሰዓት ላይ ወደብ አይደርስም።

"አባትህ ውሉን ይጨርስ ብሏል" አለች ጋሩፋሊያ። "ከዚህ ሌላ የጠየቀው ነገር የለም። ውሃ እንኳ አልጠየቀም።" ከዚያ በላይ አልገፋችውም። ይውጣ ብሎ ቢወስን የባሏ ቃል እንደሚፈርስ፣ ልጇም ወደብ ለወደብ ሲንከራተት እንደሚቀር ታውቃለች፤ ይሂድ ቢል ደግሞ ፖሊክሴኒ እስክትሞት ይቅር አትላትም።

ልጁ ካልሲውን ፈልጎ አደረገ፣ ጫማውን አሰረ። ሲያስር ብዙ ቆየ።

"መቃብሩ የትም አይሄድም አክስቴ" አለ በመጨረሻ። "ጥቅምት ላይ ስመጣ እዚያው አገኘዋለሁ። እማ፣ ግቢና ልብስሽን ቀይሪ። በሰማያዊ አትሸኚኝም።"

ከሏን ለብሳ ወጣች። ክንዱን ሰጣት። ገበያው መሐል ሲደርሱ ሻጮቹ አንድ በአንድ ተነሱ፤ ላምብሮስ ባርኔጣውን አወለቀ። በመርከብ ቀን፣ እንግዳው ተመልሶ ለመጨረሻ ዕቃ በሚራኮትበት ሰዓት፣ መንደሩ ሁሉ ገበያውን ትቶ ቆመላቸው። ጋሩፋሊያ እግሮቿ ሲራመዱ ታያለች እንጂ የምትራመደው እሷ አትመስላትም።

መሰላሉ ሥር አንዲት ሰፊ የሣር ባርኔጣ ያደረገች ተሳፋሪ ጌራሲሞስን አየችና ፊቷ በራ። ጠዋት ጠዋት እንቁላሏን የሚያቀርብላት እሱ ነው። ካሜራዋን ከፍ አድርጋ በችኮላ ብዙ ነገር ተናገረች።

"ምን አለች?"

"አጠገብሽ ቆሜ ፎቶ ልታነሳን ነው። ጥቁር የለበሰች አሮጊት በየወደቡ ስትፈልግ ነበር፣ እስካሁን አላገኘችም።"

"ማን እንደሆንኩ ታውቃለች?"

"አታውቅም። ሂጂ ልበላት?"

"ተው፣ ቁምላት። ተሳፋሪህ አይደለች?"

ቆመላት። ሴትዮዋ በካሜራው አየቻቸውና አልጣማትም መሰለኝ፣ በሁለት ጣቷ የራሷን አፍ ዳርና ዳር ወደ ላይ ሳብ አድርጋ አሳየች።

"ፈገግ በይ ነው የምትልሽ" አለ ጌራሲሞስ።

ጋሩፋሊያ እሺ አለች። ከንፈሯን ወደ ላይ ሳበችው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያልተንቀሳቀሰ ፊት ነው፤ አንዴ ሲነካ ማቆሚያ አጣ። አገጯ ተንቀጠቀጠ፣ ጉንጯ ተጨማደደ፣ ካሜራውም እዚያ ላይ ቀጭ አለ። ሴትዮዋ ካሜራዋን አውርዳ ደንግጣ ልጁን አንድ ነገር ጠየቀችው።

ጌራሲሞስ ወደ እናቱ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ በመርከቡ ቋንቋ ሦስት ቃላት ተናገረ። ጋሩፋሊያ ከምታውቃቸው ቃላት አንዱም የለበትም። ግን ሦስተኛው ላይ ድምፁ ሲሰበር ሰማች፤ አባቴ ሞተ እንዳለም ገባት። እስከዚያች ደቂቃ ቃሉን ጮክ ብሎ የተናገረው ከእናትና ከልጅ አንድም አልነበረም።

አንገቷ ሥር ገብቶ አለቀሰ፤ እሷም ራሱን አቅፋ ስታቲስን በስሙ እየጠራች አለቀሰች። ሴትዮዋ ባርኔጣዋን አውልቃ፣ ካሜራዋን ከኋላዋ ደብቃ፣ የምትሄድበት ጠፍቷት ቆማ ቀረች።

መርከቡ ጮኸ። ጋሩፋሊያ ልጇን በሁለት እጇ ከደረቷ ላይ ገፋችው።

"ሂድ" አለችው እንባዋን ሳትጠርግ። "አባትህ ሂድ ብሏል።"

እሱም ሄደ።