የጉዮ ዳቦ

ሊይዙኝ ሲመጡ የሰው የሠርግ መጥሪያ እያተምኩ ነበር። ወረቀቱ ግማሹ ከማተሚያው ወጥቶ ግማሹ ውስጥ እንዳለ አንዱ ፖሊስ ሶኬቱን ነቀለው። ሌላው «ጽሑፉን የጻፍከው አንተ ነህ» አለኝ። የትኛውን ጽሑፍ እንደሆነ አልነገረኝም። በዚያ ሰሞን ነገሌ ውስጥ በኮምፒዩተር የተጻፈ ነገር ከተገኘ፣ የሠርግም ይሁን መንግሥትን የሚቃወም፣ ጣት የሚቀሰረው ወደ እኔ ሱቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሌላ የሚቀሰርበት ሰው አልነበረም።

ይህ ጉራ የሚመስለው ይኖራል። ይምሰለው። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮውን ሲዘጋ የጣለውን ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ ዳታቤዝ የሚባለውን ነገር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያለ አስተማሪ ተምሬያለሁ። ከነገሌ እስከ ሞያሌ ባለው መንገድ ላይ ይህን ያደረገ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እስካሁን የመጣ የለም።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የቆዳ መጋዘን ነበር። ቆዳው ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም ጨውና ሽታው አልወጡም። ጨው ከግድግዳው ይረግፋል፣ ከወለሉ ይነሣል። ከንፈራችን ላይ ጨው፣ ቁስላችን ላይ ጨው። ውሃ በቀን አንዴ በጀሪካን ይገባል። በቀኜ የሚተኛው ከአሬሮ በኩል የመጣ ከብት አርቢ ነበር፤ ጫካ ላሉ ሰዎች ወተት ሰጥተሃል ተብሎ የታሰረ። ሙሉ ስሙን አልጽፍም፤ ጉዮ ልበለው። ጉዮ ቀን የተወለደ ማለት ነው፤ ሲመሽ የተወለደው ገልገሎ ይባላል። ቀን የሚወለድ ብዙ ስለሆነ በዚያች ክፍል ብቻ ሦስት ጉዮ ነበሩን።

ጠዋት ጠዋት «ናጋ ቡልታኒ?» ይለኛል። በሰላም አደራችሁ ወይ ማለቱ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ይህን ከልቡ የሚጠይቅ እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን የግቢው አዛዥ አስጠራኝ። ኮማንደር ነው የምንለው።

«ኮምፒዩተር ትችላለህ አሉ።»

«ከእኔ በላይ የሚችል የለም፣ ኮማንደር።»

ሳቀ። ሳቂታ ሰው ነበር። ከበላይ የተላከለት ኮምፒዩተር ከነካርቶኑ ተቀምጧል። የእስረኛ መዝገብ በእሱ ይያዝ ተብሎ ታዟል፤ ማብራት የሚችል ግን አልተገኘም።

«ይሄ ዳታቤዝ የሚሉት ምንድን ነው? ለእኔ በሚገባኝ ንገረኝ» አለ።

«የቦረናን ኤላ አይተዋል? ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ ውሃው ታች ነው። ከብቱ ሁሉ ተጠምቶ ይመጣል፤ ግን ማንም ዘው ብሎ አይገባም። አባ ሄሬጋ የሚባል ተራ አስከባሪ አለ። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ፣ ማን እንደሚቀድም፣ ማን እንደማይፈቀድለት የሚያውቀው እሱ ነው። ዳታቤዙ ውሃው ነው። አባ ሄሬጋው ደግሞ ዳታቤዙን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ነው። እርስዎ ውሃውን አይነኩም፤ እሱን ይጠይቃሉ። ይሰጥዎታል፣ ወይም ይከለክልዎታል።»

«እኔንም?»

«ሕጉን ካወጡለት በኋላ እርስዎንም።»

እንደገና ሳቀ። ይህን ምሳሌ ከመጽሐፉ አላገኘሁትም፤ የራሴ ነው። ከዚያ ወዲህ ዲግሪ የጫኑ ልጆች ሲያስረዱ ሰምቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ አልሰማሁም።

ሁለት ሠንጠረዥ ሠራሁ። አንዱ የእስረኞች ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍ፦ ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ የገባበት ቀን። ሦስቱ ጉዮዎች እንዳይምታቱ ለሁሉም የማይደገም ቁጥር ሰጠሁ። ይህ ቁልፍ ይባላል፤ ስም ይመሳሰላል፣ ቁልፍ አይመሳሰልም። ሌላው ሠንጠረዥ የዳቦ ነው። የዳቦው ሐሳብ የኮማንደሩ ነበር። ለሌለ እስረኛ ዳቦ እየተጻፈ ይወጣበት ነበርና «ባለቤት የሌለው ዳቦ አይኑር። ሌባ የማያልፍበት አድርገህ ሥራው» አለኝ። ሠራሁለት። እያንዳንዱ ዳቦ ከአንድ እስረኛ ቁጥር ጋር ተያያዘ። እስረኛ የሌለው ዳቦ አይመዘገብም፤ ዳቦ የተመዘገበለት እስረኛም አይሰረዝም። ማሽኑ ራሱ እምቢ ይላል። ኮማንደሩ በገዛ ጣቱ ሞክሮ አየና ትከሻዬን መታ መታ አደረገ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ አፉ የማያርፍ። «አያችሁ?» አለ። «እኛ ታሰርን፤ ጋሼ ተቀጠሩ!»

ጉዮ ግን ጠጋ ብሎ በገበያ አማርኛው ጠየቀኝ። «እኔንም ጻፍክ?»

«ጻፍኩህ።»

«ዱጋ? እውነት? ላሞቹንስ?»

«ለላም ቦታ የለውም።»

«እንዴ! ሰው ያለ ላሙ ይጻፋል? ግማሼን ነዋ የጻፍከው።»

«ጋሼ፣ ላሞቼም ይታሰሩልኝ እያለ ነው» አለ ሾፌሩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ጉዮም ሳቀ።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ቀን፣ ምሳ እንደበላን በሩ ተከፈተና ጠባቂው «ጉዮ!» ብሎ ተጣራ።

«የትኛው?» አለ ሾፌሩ።

ጠባቂው ቁጥር ጠራ። እኔ የሰጠሁትን ቁጥር። ጉዮ ተነሣ፣ ጎንበስ ብሎ የጎማ ጫማውን አጠለቀ፣ «መጣሁ» አለኝና ወጣ። የመኪና ድምፅ ሰማን። አልተመለሰም።

በማግሥቱ ወደ ቢሮ ሲወስዱኝ ከአጥሩ ማዶ ግራር ሥር አንዲት ሴት ተቀምጣ አየሁ። የወተት ጮጮ ይዛለች። የጉዮ ሚስት ነበረች። የበሩ ጠባቂ ከርቀት ይጮህባታል፦ «እዚህ እንዲህ የሚባል ሰው ገብቶ አያውቅም አልኩሽ እኮ! ኬንያ ነው ያለው፣ እዚያ ፈልጊው!» አልተነሣችም። በሚቀጥለውም ቀን እዚያው ነበረች።

ኮማንደሩ በዚያ ቀን አልሳቀም። በሩን ዘጋና ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ከበላይ ሰዎች ይመጣሉ። ያን ሰውዬ ከዚህ አውጣው።»

«ማንን?»

«ታውቀዋለህ።»

እጄን ከመጻፊያው ላይ አነሣሁ። እሱ ራሱ የጉዮን ረድፍ ፈልጎ ማጥፊያውን ተጫነ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልእክት መጣ። ደግሞ ተጫነ። ያው መልእክት ደግሞ መጣ።

«ምን ነው የሚለው?»

«በዚህ ሰው ቁጥር የተመዘገበ ዳቦ ስላለ አይጠፋም ይላል።»

«እንግዲያ መጀመሪያ ዳቦውን አጥፋ። ከዚያ ሰውዬውን።»

«ይቻላል።»

«በል እንግዲህ። ስትጨርስ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ቃሌ ነው። ባለቤትህ እራት ይዛ ከምትንከራተት አንተው ሄደህ ብላ።»

ቃሉን የሚጠብቅ ይመስለኛል። ያን ጊዜም መስሎኝ ነበር። ሥራው ቀላል ነው፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የማፈርሰውም እኔ ነኝ። ማሽኑን ሰበብ ማድረግም እችል ነበር፤ አይሰማኝም፣ ተበላሽቷል ብል ከእነሱ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ግን እኔ አልችልም የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ያን ቀንም እንዲወጣ አልፈቀድኩም።

«እችላለሁ፣ ኮማንደር። ግን አላጠፋውም።»

«ለምን?»

«ዳቦውን በልቶታላ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልተርከውም። የግራ እጄ ትንሿ ጣት ከዚያን ቀን ጀምሮ አትታጠፍም። በዘጠኝ ጣትም ቢሆን ከወጣቶቹ ፈጥኜ እጽፋለሁ።

ሰው አመጡ። ከያቤሎ የመጣ ነው ያሉት፤ ቦርሳ ያዘለ፣ ጨዋ የሚመስል። ሠንጠረዦቼን ከፍቶ ለማየት እንኳ አልደከመም። ዲስኩን በሙሉ ባዶ አደረገው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አባ ሄሬጋ በተራው ያልመጣን ሰው ይከለክላል፤ ኤላውን ሊደፍን አፈር ጭኖ የመጣን ሰው ግን በምን ይከለክለዋል? ያ ወፍራም መጽሐፍ ይህን የሚናገር ገጽ አልነበረውም። እኛ ደግሞ ወደ ወረቀት ተመለስን፤ አዲስ ደብተር መጣ፣ ሁላችንም እንደገና ተጻፍን። ጉዮ የሚባሉት ሁለት ሆኑ።

ብዙ ወራት ቆይቼ ወጣሁ። ለምን እንደታሰርኩ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደተፈታሁም አልነገሩኝም። ቤቴ ጥቂት ካረፍኩ በኋላ በአይሱዙ ወደ አሬሮ ሄድኩ። ሴትየዋን ማግኘት አላስቸገረም፤ ታሪኳን ሁሉም ያውቀዋል። ባሏ ኬንያ ተሻግሮ ሌላ ሴት አግብቷል ይባል ነበር። የእስር ቤቱ ሰዎች የነገሯት ያንን ነው፣ ሰፈሩም የያዘው ያንን ነው። የባሏ ወንድሞች «ጥሎሽ የሄደ ሰው ሚስት ነሽ» እያሉ ከላሞቹ ሊለያዩዋት ሽማግሌ አስቀምጠው ነበር። የሄድኩት ያንለት ሆነ።

ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆምኩ። ኦሮምኛዬ ከአማርኛዬ አያንስም። «ይህ ሰው ኬንያ አልሄደም» አልኩ። «ነገሌ ታስሮ ነበር። በቀኜ ይተኛ ነበር። ከምሳ በኋላ ጠርተው ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ አላየነውም። ሚስቱን ጥሎ የሄደ ሰው አይደለም።»

አንዱ ሽማግሌ አተኩሮ አየኝ። «ወረቀት አለህ?»

«የለኝም፣ አባ። የተጻፈውን አጥፍተውታል። የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በእርስ ተነጋገሩ። ላሞቹ ከእሷ ጋር እንዲቆዩ ተባለ። ስነሣ ሴትየዋ ተከትላኝ መጣች።

«ምን ነበር የሚያበሉት?»

«ዳቦ።»

«ዳቦ ይጠላል» አለች። «አፈር ነው ይል ነበር።»

«እዚያ ለምዶ ነበር፣ እህቴ።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ወደ ቤቷ ተመለሰች።

አሁን አርጅቻለሁ። በቅርቡ ለአዲሱ መታወቂያ ተመዝገቡ ተብለን ሄድኩ። አንዲት ልጅ ዓይኔን በካሜራ አነሣች፣ አሻራዬን ወሰደች፣ «ዳታቤዝ ውስጥ ገብተዋል፣ አባባ» አለችኝ። ዳታቤዝ ምን እንደሆነ ልታስረዳኝም ጀምራ ነበር። እንድትጨርስ ታገሥኳት፤ መጥፎ አላስረዳችም። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅኳት፦ «ልጄ፣ እዚህ የገባን ሰው የማጥፋት ፈቃድ ያለው ማን ነው?»

«እኔ አልችልም፣ ከላይ ነው» አለችና ሳቀች። «ደግሞስ እርስዎን ማን ያጠፋዎታል፣ አባባ?»

ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ ነበር። ለቀጣዩ ሰው ወንበሩን ለቅቄ ወጣሁ።