የናሆም የራሱ ሳህን

ልጄ ናሆም ግድግዳ ሲልስ ያገኘሁት ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ኖራውን በጥፍሩ ፍቆ ጣቱን ይጠባል። "ኧረ በማርያም!" ብዬ አፉን ጠረግኩለት። ዞር ስል መልሶ ጀመረ። ቀጥሎ ደረጃ ላይ "እቀፊኝ" ማለት አመጣ። አንድ ፎቅ ሲወጣ ልቡ ድው ድው ይላል።

እኔ እህል በረንዳ ምስር ነጋዴ ነኝ። ጆንያ አፍ ላይ የሚታየው ሁልጊዜ ምርጡ ነውና፣ እጄን እስከ ክርኔ ሳልሰድ ምንም አልገዛም። ሰው ላይም እንዲሁ ነኝ። ወዲያው የጠረጠርኩት አማኑኤል አካባቢ ልጄን ከሌሎች ሕፃናት ጋር የሚያውሉልኝን እትዬ አስካለን ነው።

ጠዋት ጠዋት እንቁላል፣ አንዳንዴም ጉበት እቋጥርለታለሁ። ማታ ምሳ ዕቃው ታጥቦ ይጠብቀኛል። "በላ?" እላለሁ። "ምን የመሰለ! ጥርግ!" ይላሉ። "ደግሞ ጨዋነቱ! ካስቀመጥኩት አይነሳም።" የሦስት ዓመት ልጅ ምን ቢያደርጉት ነው የማይነሳው? እንቁላሉንስ ማን በላው? መንገድ ላይ የልጄን አፍ ማሽተት ጀመርኩ። የእሳቸውን ጉንጭም አያለሁ፤ ሞላ ሞላ ብሏል።

ከዚያ ትኩሳት ያዘው። ክሊኒክ ወሰድኩት፤ ግድግዳ መላሱንም ተናገርኩ። ዶክተሯ የዓይኑን ቆብ ገለበጠች። ነጭ ነው። ክንዱን ለካች። ደም አስመረመረች።

"ሄሞግሎቢኑ በጣም ዝቅ ብሏል። የአይረን እጥረት ነው፤ ግድግዳ የሚያስልሰውም እሱ ነው። ክብደቱም ከዕድሜው በታች ነው።"

"ጨዋ ነው ይሉኛል፤ ከተቀመጠ አይነሳም" አልኳት።

"ጨዋ ሆኖ አይደለም፣ አቅም አጥቶ ነው። ከዚህ ከወረደ ተኝቶ ደም ያስፈልገዋል።"

ልጄን እያስራቡብኝ ነው። ሌላ ነገር አልታየኝም።

ትኩሳቱ ሲለቀው፣ እጅ ከፍንጅ ልይዛቸው ብዬ እንደ ወትሮው ወሰድኩት። ምሳ ሰዓት ላይ ሳልናገር ተመልሼ በመጋረጃው ጥግ አየሁ።

የሁሉም ልጆች ምሳ አንድ ትልቅ ትሪ ላይ ተገለበጠ። ልጆቹ ከበቡት። እትዬ አስካለ አንዲት ጉርሻ አልቀመሱም፤ "እደጉልኝ" እያሉ ትንንሾቹን ያጎርሳሉ። የናሆምን እንቁላል ፈጣን እጆች ወሰዱት። እሱ አንዷን ጉርሻ ያላምጣል። ሲውጥ ትሪው ባዶ ነው። አላለቀሰም። ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

አልዋሹኝም ለካ። ትሪው ጥርግ ሲል ሁሉም የበላ ይመስላቸዋል።

"የራሱ ሳህን ይሰጠው" ብዬ ስገባባቸው ደነገጡ። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል፤ ለልጅ ስስት ላስተምር?"

"እትዬ፣ አብሮ እየበላ ሊሞትብኝ ነው!" ዶክተሯ ያለችውን ነገርኳቸው።

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "በእኔ እጅ?" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ያው አንድ ላይ ተሰብስበው፣ ግን እያንዳንዳቸው በየሳህናቸው ይበላሉ። እኔም የአይረን ሽሮፑን ዶክተሯ እንዳዘዘችው ከሻይ አርቄ ከብርቱካን ጋር እየሰጠሁት፣ ሰገራው ሲጠቁር ደንግጬ ደውዬ "ከመድኃኒቱ ነው፣ አትስጊ" ተብዬ፣ ቀስ በቀስ የከንፈሩ ቀለም ሲመለስ አየሁ። ጋሪ ይገጫቸዋል ተብሎ በር ተዘግቶባቸው ይውሉ ለነበሩት ልጆችም፣ እትዬ አስካለ የልብስ ማስጫውን ገመድ ከግቢው አንስተው ኳስ መጫወቻ አደረጉላቸው። ናሆም መጀመሪያ ዳር ቆሞ ያይ ነበር፤ በኋላ ግን መሮጥ፣ መውደቅ፣ ሱሪውን ጉልበቱ ላይ መቅደድ ጀመረ።

እናቶች፣ ልጃችሁ ኖራ ወይም አፈር ከበላ አትቆጡት፤ ደሙን አስመርምሩ። "በላ ወይ?" ብላችሁም አትመለሱ። ሲበላ እዩት። ዶክተሯን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ግን ጥርጣሬው አልለቀቀኝም፤ ዛሬም በምሳ ሰዓት ሳልናገር ብቅ እላለሁ።

ባለፈው እትዬ አስካለ በር ላይ ጠበቁኝ። ፊታቸው ተኮሳትሯል። ናሆምን በዓይኔ ፈለግኩት። "ምን ሆነ?"

"ልጅሽን ምከሪልኝ" አሉ። "የራሱን ጨርሶ የሰው ሳህን ያራግፋል።"

ያንን ስጠረጥረው የኖርኩትን የእትዬን ጉንጭ አገላብጬ ሳምኩት።