ለእንግዳ ሲባል የተደፋው ጭቃ

ዛሬ ጠዋት የቀድሞ ተማሪዬን ዘሃራን ባዶ ብልቃጥ ታቅፋ ከቤተ ሙከራዋ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

ብልቃጡ ውስጥ ከጣና ዳር፣ ከደንገል ሥር ያወጣችው ጭቃ ነበረ። በጭቃው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እሷም ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ክሮች ያለበሰችውን ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚቀበለውን ዘንግ፣ ጭቃው ውስጥ ነክራ፣ ባክቴሪያዎቹ ክሮቹን ይዘው እስኪባዙ ወራት ጠብቃለች። ትናንት ትንሽ አምፖል አብርተውላት ነበር።

ዛሬ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ «ይህ ሽታ ለእንግዳ ነውር ነው» ብለው ጭቃውን አስደፉት፤ ኤሌክትሮዱንም በሳሙና አሳጠቡት።

እንግዶቹ የመጡት ያንኑ ጭቃ ሊያዩ ነበር።

«ምነው ጌታዬ፣ ምን ነካዎት?» አልኋቸው።

«መምህር፣ ኤሌክትሮዱ እኮ አልተጣለም፤ ታጥቦ ተቀምጧል» አሉኝ።

ወጡን ደፍቶ የታጠበ ድስት ለእንግዳ ማቅረብ ማለት ይህ ነው።

እንግዶቹ ንጽሕናውን አመስግነው ሄዱ። ዘሃራ ግን «ጋሼ፣ ባክቴሪያውስ እንደገና ይባዛል፤ የመመረቂያዬ ቀን ነው የማይጠብቀኝ» አለችኝ። ለዚህ ማን ይጠየቃል?

ነገ ጭቃ ልናወጣ አብረን ወደ ሐይቁ እንወርዳለን። እናንተስ፣ ለእንግዳ ተብሎ የተደፋባችሁ ሥራ አለ? ጻፉልኝ።